ስለ ሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አሰነዳድ

ባለፈው ወር ንጽሕናን ለመመርመር ወደ አንድ ትምህርት ቤት በሄድሁ ጊዜ ርእሰ መምህሩ የመምህራኑን ማረፊያ ክፍል በደስታ አሳዩኝ። የክፍሉን ግማሽ የተሰበሩ ወንበሮች ይዘውታል፤ በጠረጴዛው ላይ የሚታረሙ ደብተሮች ተቆልለዋል፤ በጥጉ ለቡና የተሰናዳ ፍም የሞላ ምድጃ አለ፤ መስኮቱም ብርድ እንዳይገባ ተዘግቷል። አንዲት መምህርት ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ሕመሙን ድካም ያመጣው መስሏቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው የዚህ ምድጃ ነገር ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይይዛል፤ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፥ ሲበዛም ይገድላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለ ቆመ ጉዳቱ አልፏል ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ ቡናው በደጅ ይፈላ፥ ወደ ክፍሉ ጀበናው ብቻ ይግባ። መምህርቲቱን ወዲያው ወደ ውጭ አውጥተን ወደ ጤና ጣቢያ ላክናቸው፤ ደግነቱ ድነዋል።

ደብተሩም ቢሆን ያለ ስፍራው ነው። ሥራው በዓይን ፊት ተቆልሎ ሳለ አሳብ አያርፍምና የማረሚያው ጠረጴዛ በሌላ ክፍል ይሁን፤ ክፍል ከታጣ መጋረጃ ይለየው።

መምህር፥ አስተናጋጅና ሱቅ ሻጭ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሰው ሲራመድ የባቱ ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል፤ ለብዙ ሰዓት ሲቆም ግን ደሙ በእግሩ ሥሮች ይከማችና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ስለዚህ መደገፊያ ያለው ወንበርና እግር የሚሰቀልበት በርጩማ ያስፈልጋል። ንጹሕ የመጠጥ ውኃም አይታጣ፤ ሲናገር የዋለ ጕሮሮ ውኃና ዝምታ ይሻል። ማሸለብ የፈለገም አይነቀፍ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፥ ከዚያ ቢረዝም ከከባድ እንቅልፍ የተነሣ ሰው ለጥቂት ጊዜ ይደነዝዛል።

ርእሰ መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ይህስ ቅንጦት አይደለምን?» አሉኝ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለሠራተኞች መቀመጫና ማረፊያ ክፍል እንዲሰናዳ የመከረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 መሆኑን ነገርኋቸው። በማግሥቱ መስኮቱ ተከፈተ፥ ምድጃው ወጣ፥ ሁለት በርጩማዎችም ገቡ። የተሰበሩት ወንበሮች ግን የማስወገጃ ፈቃድ ስላልመጣላቸው እስከ ዛሬ በዚያው ዐርፈዋል።