አጥንት ከገጠመ በኋላ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በከተማችን በእንጅባራ የሚከበረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ያላየ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዐድዋን ድልና የዘማቾቹን ፈረሶች ሲያስብ ኖሯል። ነገር ግን ጉግስ ባለበት ውድቀት፣ ውድቀትም ባለበት ስብራት አለ። እኔ ለመጻፍ ያሰብሁት ስለ ስብራቱ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ነው።

እግር ሲሰበር ወጌሻ በቀርከሃ፣ ሐኪም ደግሞ በጀሶ ያስረዋል። እስሩ የተፈታ ዕለት ቤተ ዘመድ «ዳነ!» ብሎ ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን የገጠመው አጥንቱ ነው እንጂ እግሩ ገና አልዳነም። ሳይሠራ የሰነበተ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ሁለቱን ጭኖች በሜትር ቢለኳቸው ልዩነቱ ይታያል። መገጣጠሚያውም ይደርቃል። አጥንት ራሱ ጭነት ሲያገኝ የሚጠነክር፣ ሲያጣ የሚሳሳ መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

በዚህ ጊዜ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ በሳምንቱ ፈረስ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ፈርቶ ምድጃ ዳር እግሩን ዘርግቶ ወራት ይቀመጣል። የመጀመሪያው እንደገና ይሰበራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ፈረሱ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱም እንዲህ አያደርጉትም ነበር። ክረምቱን ያረፈ ፈረስ በመጀመሪያው ቀን አይጋለብም፤ በእርምጃ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ ይለማመዳል። ለፈረሳችን የምናውቀውን ለራሳችን እንረሳለን!

ይህን ነገር በሥርዓት ካስተማሩት አንዱ አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮች ቺካጎ ከተማ በነበረ ሆስፒታል ሞልተው ነበር። በዚያን ዘመን የተለመደው ሕክምና ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ማንሣት ሲሆን፣ ዴሎርም ግን ከክብደት አንሺዎች ልምድ ወስዶ ከባድ ነገር ጥቂት ጊዜ ማንሣትን እ.ኤ.አ. በ1945 በጽሑፍ አቀረበ። በ1948 ከባልደረባው ጋር ያሻሻለው ዘዴ ለማንም የሚገባ ሒሳብ ነው። ሰውየው ዐሥር ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ክብደት ይፈለጋል። 4 ኪሎ ነው እንበል። መጀመሪያ ግማሹን፣ ማለት 2 ኪሎ፣ ዐሥር ጊዜ ያነሣል፤ ያርፍና 3 ኪሎውን፣ እንደገና አርፎ 4 ኪሎውን ዐሥር ዐሥር ጊዜ ያነሣል። 4 ኪሎው ሲቀልለው ይጨመርለታል። በእኛ ቤት ብረት ባይኖርም አሸዋ የተሞላ ከረጢት ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር ያው ነው፤ ሚዛን ደግሞ ከገበያ አይጠፋም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኃይል ሲጨምር ጭኑ ግን እንደ ቀጠነ ቢቆይ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። አስቀድሞ የሚማረው ነርቭ ነው፤ ጡንቻው የሚወፍረው ዘግይቶ ነው። የሚያድገውም በዕረፍት ጊዜ ስለ ሆነ ከባዱን ልምምድ በየቀኑ መደጋገም አይጠቅምም። ሕመሙ በማግሥቱ ከባሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሌላው መሠረታዊ ነገር ልምምዱ ሥራውን መምሰል አለበት። ፈረሰኛ ኮርቻ የሚጨብጥበት የውስጥ ጭንና ዳሌ ያስፈልገዋል፤ ገበሬ ቁጢጥ ብሎ መነሣትና ሸክም መያዝ። አካሄድም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገት፣ በመጨረሻ ቁልቁለት። ቁልቁለት ይቀላል የሚል ሰው ጉልበቱን አላዳመጠም፤ ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ መላውን ሰውነት ይሸከማልና።

ከአገራችን ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላን እንጥቀስ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንት ያህል ነበር። በዚህ ብዙ ሰው ይደነቃል፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ፤ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ሕሙማንን በስፖርት ያክሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያው ግቢ 16 አካል ጉዳተኞችን በቀስት አወዳድረዋል። ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና ወገብን ያጠነክራል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚኖር ሰው ደግሞ ክንዱ እግሩ ነው። የአበበ እግሮች አልተመለሱም፤ የተጎዳ የአከርካሪ ነርቭን ልምምድ አይቀጥለውምና። ክንዶቹ ግን ተመለሱ፤ በእነርሱም በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ።

ወላጆቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስሩ ደም ከልክሏል፤ ጧት እስኪሆን ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እግር ካልተረፈ የሚለማመድ ነገር የለም።

ወደ ኮርቻ የመመለሻው ቀን መቼ ነው ለሚል፣ አስቀድሞ ሐኪሙ አጥንቱ መግጠሙን ያረጋግጥ። ከዚያ የታመመው እግር የጤነኛውን ያህል ከረጢት ዐሥር ጊዜ ያንሣ፤ በእርሱ ብቻ ቆሞ ሳይንገዳገድ ይቆይ፤ ቁልቁለትም ያለ ምርኩዝ ይውረድ። ከዚያ በኋላ ፈረሱ ይጫን፤ እርሱም በእርምጃ።