10 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር፦ ትሪመሩ መጨረሻ ላይ ይነካል

ኦሲሌተር ሠርቶ ድግግሞሹ አልረጋ ያለው ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ትሪመሩ ነው። ካቻቪቴውን ትንሽ ሲያዞር ቆጣሪው 10,000,000 ላይ ይቆምለታል፤ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሌላ ቁጥር ይጠብቀዋል። ትሪመር የሚያርመው ቋሚ ስህተትን ነው፤ መዋዠቅን አያቆምም። የሚያዋዥቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክሪስታሉ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ሥራውን ከዙሪያው እንጀምር።

ዕቃዎቹ። የምንሠራው ፒርስ የሚባለውን ሰርኪዩት ነው። 10 ሜጋኸርዝ የሆነና ዳታሺቱ ላይ የጭነት ካፓሲታንሱ 18 ፒኮፋራድ የተባለ ክሪስታል ይያዙ። ማጉያው 74ኤችሲዩ04 ይሁን። «ዩ» የሌለበት 74ኤችሲ04 በየኢንቨርተሩ ውስጥ ሦስት ደረጃ ማጉያ ስላለው ጉልበቱ ይበዛል፤ ክሪስታሉን ትቶ በራሱ ድግግሞሽ ሊጮህ ይችላል። እሱን ለማውጫው እንፈልገዋለን።

ካፓሲተሮቹ። ከኢንቨርተሩ መግቢያ ወደ ግራውንድ 27 ፒኮፋራድ ያድርጉ። በመውጫው በኩል፣ ክሪስታሉ ካረፈበት ነጥብ ወደ ግራውንድ፣ 18 ፒኮፋራድና ከ3 እስከ 15 ፒኮፋራድ የሚሄድ ትሪመር ጎን ለጎን ያስገቡ፤ ትሪመሩ መሐል ላይ ሲሆን ይህም 27 ገደማ ይመጣል። ክሪስታሉ ሁለቱን በተከታታይ እንደተያያዙ ስለሚያያቸው ድምሩ 13.5 ነው። ቦርዱና የቺፑ እግሮች 4 ወይም 5 ፒኮፋራድ ሲጨምሩበት 18 ይሞላል። ዓይነታቸው ሲ0ጂ (ኤንፒ0ም ይባላል) መሆን አለበት። ርካሹ ኤክስ7አር በሙቀትና በቮልቴጅ ዋጋው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቦታ የለውም።

ከመግቢያ ወደ መውጫ 1 ሜጋኦም ያገናኙ። ከመውጫው ወደ ክሪስታሉ ደግሞ 560 ኦም ያስገቡ፤ ክሪስታሉ ከሚችለው በላይ እንዳይነዳ የሚጠብቀው ይህ ነው። ያልተጠቀሙባቸውን የኢንቨርተር መግቢያዎች ወደ ግራውንድ ይሰሩ። ሁሉንም በአጭር እግር ይበይዱ። ብሬድቦርድ ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ በነካኩት ቁጥር ጥቂት ፒኮፋራድ ይቀየርብዎታል።

ኃይሉ። ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። የቺፑ ቮልቴጅ ሲወዛወዝ የውስጡ ካፓሲታንስና መዘግየት አብሮ ይወዛወዛል፣ ፋዙ ይገፋል፣ ድግግሞሹም ይከተላል። ዴቪድ ሊሰን በ1966 ባሳተመው ቀመር እንዳሳየው፣ የሬዞናተሩ ኪው ከፍ ባለ ቁጥር ይህ የፋዝ ግፊት ድግግሞሹን የማንቀሳቀስ አቅሙ ይቀንሳል። ከኮይል የተሠራ ሰርኪዩት ኪው ጥቂት መቶ ቢደርስ ነው፤ የክሪስታል በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ቢሆንም ቆሻሻ ኃይል ክሪስታልንም ያበላሻል።

ለኦሲሌተሩ ብቻ የሚያገለግል 78ኤል05 ሬጉሌተር ይስጡት። ከሬጉሌተሩ በኋላ 22 ኦም ሬዚስተርና 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጨምሩ፤ ቺፑ እግር ሥር ደግሞ 100 ናኖፋራድ። ይህ ማጣሪያ ከ15 ኸርዝ በላይ ያለውን መቀነስ ይጀምራል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከድልድይ ሬክቲፋየር በኋላ የሚቀረው ሞገድ 100 ኸርዝ ነው፤ ማጣሪያው እሱን ከስድስት እጥፍ በላይ ያሳንሰዋል።

መሣሪያ የለኝም የሚል ሰው ጆሮ አለው። ኤስኤስቢ ያለው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ በዩኤስቢ ሞድ 9,999 ኪሎኸርዝ ላይ ያድርጉና ከኦሲሌተሩ አጠገብ ያስቀምጡ፤ አንድ ኪሎኸርዝ የሚሆን ፉጨት ይሰማሉ። ፉጨቱ ሻካራ ከሆነ ኦሲሌተሩን በባትሪ ያሠሩት። ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የኃይል አቅርቦቱ ነው፤ በተለይ የስልክ ቻርጀር ከሆነ ሌላ ምክንያት ባይፈልጉ ይሻላል። በባትሪም ሻካራ ከሆነ ብየዳውን ይመርምሩ።

ማውጫው። ከክሪስታሉ በቀጥታ ምንም አይውሰዱ። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ብቻውን ከ10 እስከ 15 ፒኮፋራድ ስለሚጨምር፣ የሚለኩት ፕሮቡ የለወጠውን ድግግሞሽ ይሆናል። ምልክቱን በ74ኤችሲ04 አሳልፈው ከዚያ ይለኩ። ሁለቱን ቺፖች ለየብቻ ያድርጓቸው፤ ማውጫው የሚስበው የኃይል ግፊት ኦሲሌተሩ ቤት እንዳይደርስ።

ሙቀቱ። በዚህ ድግግሞሽ የሚሸጡት ክሪስታሎች ኤቲ በሚባለው አቆራረጥ የተሠሩ ስለሆኑ በክፍል ሙቀት አካባቢ ብዙም አይናወጡም። የሚጎዳቸው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ሬጉሌተሩን ያርቁ፣ ሰርኪዩቱን በብረት ሣጥን ይክተቱ፣ ክሪስታሉን በስፖንጅ ይሸፍኑ፤ የመስኮት ንፋስ እንኳ ቆጣሪው ላይ ይታያል።

ትሪመሩን በቫራክተር ዳዮድ ተክተው በቮልቴጅ መቆጣጠር ከፈለጉ፣ የሚንቀሳቀስበትን ክልል ከሚያስፈልግዎ በላይ አያስፉ። በቁጥጥር መስመሩ ላይ ያለ ሬዚስተር የራሱ የሙቀት ኖይዝ አለው፤ የ100 ኪሎኦም ኖይዝ በአንድ ኸርዝ ስፋት 40 ናኖቮልት ገደማ ነው። ክልሉ በሰፋ ቁጥር ያችው ትንሽ ቮልቴጅ ድግግሞሹን አብዝታ ትነቀንቀዋለች። ምልክቱን አብዝተው 100 ሜጋኸርዝ የሚያደርሱት ከሆነ ደግሞ የፋዝ ኖይዙ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል ይጨምራል።

አሁን ትሪመሩ። ኦሲሌተሩ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ። በየሰከንዱ አንድ ፐልስ የሚሰጥ የጂፒኤስ ሞጁል የቆጣሪው መክፈቻና መዝጊያ ይሁን። በአንድ ሰከንድ ቆጠራ የ1 ኸርዝ ስህተት ከአሥር ሚሊዮን አንድ ነው፤ በአሥር ሰከንድ ቢቆጥሩ አሥር እጥፍ ይጠራል። ካቻቪቴው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረቱ ራሱ ካፓሲታንስ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ካፓሲታንስ ይጨምሩ፣ ዝቅ ካለ ይቀንሱ። በሣጥኑ ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢያበጁ ሳይከፍቱ ማስተካከል ይችላሉ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ድግግሞሹ ትንሽ መንቀሳቀሱ አይቀርምና። የአዲስ ክሪስታል እርጅና የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ከአንድ ወር በኋላ ደግመው ይቁጠሩ፤ ትሪመሩን በጥፍር ቀለም ጠብታ የሚያስሩት ከዚያ ወዲያ ነው።