ሸለቆን የሚቀርጹ በረዶና ውሃ

መግቢያ

ከወሰን ሆኖ ወደ የካና እንጦጦ ተራሮች ለሚመለከት፣ ሸለቆዎቹ ጠባብና ወለላቸው የሾለ ነው። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከፍተኛ ቦታዎች ግን እንደ ገበቴ የጎደጎዱ ሰፋፊ ሸለቆዎች ይገኛሉ። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የልዩነቱን ምክንያት ቢያውቁ፣ በየቦታው የትኛውን የአፈር ጥበቃ ሥራ ማስቀደም እንደሚገባ ይረዳሉ።

1. የበረዶ ግግር ሥራ

በረዶ ሳይቀልጥ ከዓመት ዓመት ሲደራረብ ተጨምቆ ጠንካራ ግግር ይሆናል። ግግሩም በራሱ ክብደት ቁልቁል በዝግታ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጊዜ፦

ሀ/ በአለት ስንጥቅ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ አለቱን ከግግሩ ጋር ስለሚያጣብቀው፣ ግግሩ ድንጋዩን ፈንቅሎ ይወስዳል።

ለ/ በግግሩ ሥር የተያዙት ድንጋዮች አለቱን እንደ ሞረድ ይፍቁታል።

ወራጅ ውሃ እንደ ማረሻ ወለሉን ይተልማል፤ ግግር ግን ወለሉንም ግራና ቀኙንም ስለሚፍቅ ሸለቆውን ያሰፋዋል። ሲቀልጥም ቋጥኙንና ደቃቁን አፈር ሳይለይ ደባልቆ ይጥላል። ወራጅ ውሃ ድንጋዩን አሞልሙሎ በመጠን እየለየ ያስቀምጣል። በመስክ ላይ ሁለቱን ለመለየት ይህን ማየት ይበቃል።

2. በአገራችን

የባሌ ሳነቴ አምባ ከዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግግር ነበረበት፤ የተወው የድንጋይ ክምር በቶጎና ሸለቆ ይታያል። በሰሜን ተራሮችም በራስ ደጀንና በቧሂት አካባቢ ተመሳሳይ ምልክት አለ። ዛሬ በኢትዮጵያ ግግር የለም። በአፍሪካ የቀረው በኬንያ፣ በኪሊማንጃሮና በሩዌንዞሪ ተራሮች ሲሆን፣ እርሱም እየመነመነ ነው።

የእንጦጦ ከፍታ 3,200 ሜትር ያህል በመሆኑ ሸለቆዎቹን የቆፈረው የዝናብ ውሃ ነው። ውሃውም በደቡብ በኩል በቀበና ወንዝ ወደ አቃቂና አዋሽ፣ በሰሜን በኩል ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይወርዳል።

3. ለሥራ የሚሆን ምክር

በሰሜንና በባሌ ግግር በፋቀው አለት ላይ ያለው አፈር ስስ ነው። አንዴ ከታጠበ በሰው ዕድሜ አይተካም። ስለዚህ ተዳፋቱን ከማረስ ይልቅ በሣርና በቁጥቋጦ እንደተሸፈነ መተው ይሻላል።

በእንጦጦና በየካ ግን ቆፋሪው ውሃ ሥራውን አላቆመም፤ በየክረምቱ ይቀጥላል። በመሆኑም፦

• ሥራውን ከተፋሰሱ ራስ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ፤
• ከማሳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አውጥቶ ውሃውን ሣር ወደ ለበሰ መውረጃ መምራት፤
• እርከኑን ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ መሥራት፤
• ቦረቦሩን ገና ትንሽ ሳለ በድንጋይ ክትር ማሰር፤
• ክትር የታሰረበትን ቦታ ሣር እስኪይዝ ከከብት መከልከል ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከክረምት በፊት በበጋው ወራት መጠናቀቅ አለበት።