አስተናግርና የጅብ ጥላ፦ ምክር ለጭድ ተራ ልጅ

ልጄ፣ በቀደም ከጓደኞችህ ጋር ስትጫወቱ የሰማሁትን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንደኛው «ለፈተናው አብሾ ብንጠጣ ይሻለናል» አለ። ሌላው በውጭ አገር ሰዎች በከተማ መናፈሻና በጫካ እየዞሩ የሚያሰክር እንጉዳይ እንደሚለቅሙ፣ እንጦጦም ክረምት ሲገባ የጅብ ጥላ እንደማይጠፋ አወራ። እኔ አባቴ ጭድ ተራ ውስጥ ጭድ እየሸጠ ያሳደገኝ፣ ኋላም ዕድሜዬን በፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የገፋሁ ሰው ነኝ። ከሁለቱም ቤት ያወቅሁትን ልንገርህ። ስለምሳሳልህ ነው።

1. ከመልቀምህ በፊት የምታየውን ነገር እወቀው። አብሾ የሚሠራበትን አስተናግርን፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለውን፣ ለማግኘት ጫካ መግባት አያስፈልግም። በቆሻሻ መጣያ ዳር፣ በፈረሰ ቤት ግቢ፣ በወንዝ ዳርና በመንገድ ጠርዝ ይበቅላል። አበባው የጡሩምባ ቅርጽ አለው፤ ነጭ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። ፍሬው በእሾህ የተሸፈነ ሲሆን ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቅና ጥቁር ዘሩን ያፈሳል። ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል፤ ከብት እንኳ ሌላ የሚበላው ካላጣ አይነካውም። አስተናግር ከእህል ጋር ማሳ ውስጥ ይበቅላል፣ አብሮም ይታጨዳል። አባቴ ጭድ ሲረከብ በእጁ እየበተነ የሚያየው ለዚህ ነበር፤ ገዢው ለላሙ ወይም ለበዓል በጉ ነውና የሚወስደው። እሱ ለሰው በግ የተጠነቀቀውን ያህል አንተ ለራስህ እንድትጠነቀቅ እፈልጋለሁ።

2. አብሾን በወሬ አትመዝነው። በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ከዚሁ ከአስተናግር የሚዘጋጅ፣ ለትምህርት ተብሎ የሚጠጣ መድኃኒት እንደነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ሲናገሩ ግን ሙሉውን ነው፦ የሚያዘጋጀው ያወቀበት ሰው ነው፤ ጠጪው ቤት ተዘግቶበት፣ ሰው ተመድቦለት ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አልኮል ባይቀምስ ይመረጣል ይባላል። መጠጥ ሲነካው የሚያብደውን ሰው ዛሬም «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። እናንተ ጋ የደረሰው «ቀለም ይገባል» የሚለው ቁራጭ ብቻ ነው። ጠጥቶ አእምሮው ሳይመለስ የቀረውን ተማሪ ስም ማን ያነሣል? ሊቅ የሆነውን እንጂ የጠፋውን አናወራም።

ደግሞም የቆሎ ተማሪውን ሊቅ ያደረገው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ሌሊት እየተነሣ፣ ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት መጻሕፍት ቤት ዓመታት ተንከራትቷል። ያን ሁሉ ድካም ለአንድ ዋንጫ ቅጠል መስጠት ሊቃውንቱን መበደል ነው። እኔ ይህን ስሰማ እቆጣለሁ።

3. መጠኑ ያልተጻፈበትን ነገር ወደ አፍህ አታስጠጋ። ከምክሬ ሁሉ ይህችን ብቻ ብትይዝ ይበቃኛል። አስተናግር ውስጥ በዋናነት አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮሳያሚን የሚባሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አትሮፒንን እኔ ራሴ ሳድለው የኖርኩ መድኃኒት ነው። የዓይን ሐኪም ብሌን ለመክፈት ያንጠባጥበዋል፤ ፀረ ተባይ ጠጥቶ የመጣን ሰው ደግሞ ከሞት ይመልሳል። ነገር ግን አምፑሉ ላይ ቁጥር አለ፤ የሚለካውም በሚሊ ግራም ነው። ሐኪሙ የታማሚውን የልብ ምት እያየ ይጨምራል፣ ያቆማል።

አስተናግር ላይ ቁጥር የለም። ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ተክሎች በብርታት ይለያያሉ። ቅጠሉ ከዘሩ፣ ለጋው ከበሰለው፣ የአንዱ ወቅት ከሌላው ይለያል። ስለዚህ «እገሌ ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚል ምስክርነት ምንም አይነግርህም። እገሌ የወሰደው ሌላ ተክል ነው።

የሚያደርገውንም ልንገርህ። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አፍ ይደርቃል፣ ቆዳ ይቀላል፣ ሰውነት ይግላል ግን አያልበውም፣ ልብ ይሮጣል፣ ሽንት ይታገዳል። ከዚያ አእምሮው ይሄዳል። በአጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ ከልብሱ ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፤ አስፋልት መሐል ይገባል። የሚያየው ነገር እንደሌለ አያውቅም፤ ሲመለስም አብዛኛውን አያስታውስም። ይህ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የዓይኑ ብሌን ተከፍቶ ስለሚቀር ደግሞ ለቀናት ቅርብ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ይሳነዋል። ለፈተና ብሎ የጠጣ ልጅ ደብተሩን ማንበብ አይችልም ማለት ነው።

በፈረንጆቹ 1676 አሜሪካ ጄምስታውን የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ይህንኑ ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በልተው ለ11 ቀን አብደዋል፤ ራሳቸውን እንዳይጎዱ ተዘግቶባቸው ሰነበቱ። ሩቅ መስሎ ከታየህ ቅርቡን እነሆ፦ በፈረንጆቹ 2019 ኡጋንዳ ካራሞጃ ውስጥ ለእናቶችና ለሕፃናት በታደለ የእርዳታ ዱቄት ውስጥ የአትሮፒንና የስኮፖላሚን መርዝ ተገኘ። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ታመመ፤ 5 ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ገንፎ ነው የበሉት፤ መስከር የፈለገ አልነበረም።

4. ጭንቀትህ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ልጅ ተአምር ቢፈልግ አልፈርድበትም። ግን ስኮፖላሚንን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ለምን እንደሚጠቀሙበት ታውቃለህ? የመርሳት በሽታ መድኃኒት ለመሞከር ሲፈልጉ መጀመሪያ አይጧን እንድትረሳ ማድረግ አለባቸው፤ እንድትረሳ የሚሰጧት ስኮፖላሚን ነው። ማስታወስ ፈልገህ የሚያስረሳውን ልትጠጣ ነው። ይልቅ ሌሊቱን ተኛ፤ ያልገባህን ጠይቅ፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ደጋግመህ ሥራ። ቤታችሁ ጠቦና ጫጫታ በዝቶ ማጥናት ካቃተህ እኔ ቤት ና፤ ጠረጴዛም መብራትም አለ።

5. የጅብ ጥላን በፎቶ አመሳስለህ አትልቀም። በማጃንግ፣ በከፋና በሌሎች የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ሕዝቡ እንጉዳይን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚወጣውን በወቅቱ ይለቅማል፣ ይበላል። ልጅ ከእናቱ ኋላ እየተከተለ ዓመት ከዓመት ያየውን ነው የሚለየው። የእኛ ደገኛ አብዛኛው ይህ እውቀት የለውም፤ የጅብ ጥላ ብሎ ረግጦት ያልፋል። አለማወቁን ያወቀ ሰው መርገጡ ጥበብ ነው።

እንጦጦ ላይ የሚያስቸግር ሌላም ነገር አለ። ባህር ዛፉም ሆነ የፈረንጅ ጥዱ ከሌላ አገር የመጣ ነው። እንደዚህ ያሉ ዛፎች ሲተከሉ ከሥራቸው ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንጉዳይም አብሮ ይመጣል፤ ወንዶ ገነት ላይ በፈረንጅ ጥድ ሥር የሚበቅሉትን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። አያትህ አይቶት የማያውቅ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ጠይቀህ የምትረዳው ሽማግሌ አይኖርም።

አሁን ክፉውን ስማ። ያ ስለ እንጦጦ ያወራው ጓደኛህ የሚያሰክር ነው ብሎ ከስልኩ የሚያሳየው ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ ጋሌሪና የሚባል መሳይ አለው። ጋሌሪና ውስጥ ያለው አማቶክሲን ጉበት ይገድላል። መቀቀል አያጠፋውም፣ ማድረቅም አያጠፋውም። የብር ማንኪያ ጠቆረ አልጠቆረ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀለሙን ለወጠ አልለወጠ የሚባለው ፈተናም ውሸት ነው። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሰዓቱ ነው። የበላው ልጅ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም ሳይሰማው ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፤ ቤተሰብም «ተመስገን፣ አለፈለት» ይላል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ጉበቱ እየሞተ ነው፤ ጉበት የመቀየር አቅም ደግሞ የማን ነው?

6. «በውጭ አገር ሐኪሞች ራሳቸው ይሰጡታል» የሚለው ወሬ እውነት አለው፤ ሙሉውን ግን ያዝ። የሚያሰክረው እንጉዳይ ውስጥ ያለውን ሲሎሳይቢን የሚባል ቅመም ስዊዛዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በፈረንጆቹ 1958 ለይቶ አወጣው፤ ዛሬ ለከባድ ድብርት ይረዳ እንደሆነ በሆስፒታል ይጠናል። ሐኪሞቹ ግን ጫካ ወርደው አይለቅሙም። በፋብሪካ የተሠራውን፣ ለምሳሌ 25 ሚሊ ግራም ብለው መዝነው፣ የታማሚውንና የቤተሰቡን የአእምሮ ሕመም ታሪክ አጣርተው፣ ባለሙያ ከጎኑ አስቀምጠው ነው የሚሰጡት። እነሱም የሚሠሩት በቁጥር ነው።

7. ለቀልድ ብለህ አስተናግርም ሆነ እንጉዳይ በማንም ሻይ ወይም አረቄ ውስጥ እንዳትጨምር። ይህ መመረዝ ነው። የሚያደነዝዝ ነገር ያለ ፈቃድ ማምረትና መጠቀምንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይቀጣል።

8. በግቢያችሁ አስተናግር ካየህ ፍሬ ከመያዙ በፊት ከሥሩ ንቀለው። እጅህን በፌስታል ሸፍን፣ ስትጨርስ በሳሙና ታጠብ፣ እስክትታጠብ ዓይንህን አትሽ። እሾሃማው ፍሬ ለሕፃን መጫወቻ ይመስላልና ታናናሾችህን አስጠንቅቅ።

9. እንጉዳይ ከወደድክ አሳድገው። ነጩም ግራጫውም የምግብ እንጉዳይ ጭድ ላይ ይበቅላል፤ ጭድ ደግሞ በደጅህ ነው። ጭዱ ተከትፎ ይነከራል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ሲበርድ ከታወቀ ምንጭ የተገዛ ዘር ተቀላቅሎበት ላስቲክ ውስጥ ይጠቀጠቃል። እርጥበቱንና ንጽሕናውን የጠበቀ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይለቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ በማኅበር ተደራጅተው ከዚህ የሚያድሩ አሉ። ለመጀመሪያው ጭድ እኔ እከፍልልሃለሁ።

10. የሆነው ከሆነ ደግሞ አትደብቅ። አንድ ጓደኛህ ቅጠል፣ ዘር ወይም እንጉዳይ በልቶ መቀባዠር ከጀመረ ብቻውን አትተወው፤ በኃይልም አትሰረው። ለማስመለስ ጣት አትክተትበት፤ ወተትም፣ አረቄም፣ ሌላ ቅጠልም አታጠጣው። ወደ 907 ቀይ መስቀል ወይም ወደ 939 ደውል፤ ወይም ታክሲ ይዘህ ጳውሎስ አለዚያም ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል አድርሰው። አማኑኤል ሆስፒታል ለሰፈራችን ቅርብ ነው፤ ነገር ግን መርዙ መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል መታከም አለበት። ጸበል የሚወስዱት ቤተሰቦች ካሉ እምነታቸውን አክብረህ ንገራቸው፦ ጸበሉ ነገም ይገኛል፣ መርዙ ግን እስከ ነገ አይቆይም። የበላውን ትርፍራፊ በወረቀት ጠቅልለህ ውሰድ። ምን እንደበላና በስንት ሰዓት እንደበላ ለሐኪሙ እውነቱን ተናገር። እንጉዳይ ከሆነ ደህና ቢመስልም፣ ምንም ባይሰማውም ውሰደው። አባቱን ፈርተህ ከሆነ ለእኔ ደውል፤ በማንኛውም ሰዓት አነሣለሁ፣ አብሬህም እሄዳለሁ።