መዝገቡ ምን ይላል? ሥራውስ?

የውጫሌ ስም በዓለም የታወቀው በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመው በዚሁ በውጫሌ ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ፣ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላክ ይችላሉ ይል ነበር። የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሁለቱ ወረቀቶች አለመስማማታቸው ወደ ጦርነት አመራ። ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተለየ።

ስለዚህ ወረቀት የሚለውን ሁሉ ዝም ብለን አንቀበል። ከእውነቱ ጋር እናመሳክር። አንድ ሥራ በዕቅዱ መሠረት መሠራቱንና ጥቅም መስጠቱን ማመሳከር ግምገማ ይባላል። ገበሬ ይህን ድሮም ያውቀዋል። እህሉን ከአውድማ ሲያነሣ በቁና ይሰፍራል፤ ካምናውም ጋር ያስተያያል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ። እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በመጨረሻ ፈተና ነበረ። ያለፈ የምስክር ወረቀት አገኘ፤ ያላለፈ የማካካሻ ትምህርት ተማረ።

እኛ ዘማቾች አንድ ቀን መዝገባችንን ገልጠን «ይኸን ያህል ሰው አስተማርን» ብለን ደስ አለን። አንዲት እናት ግን «ልጆቼ፣ ስሜስ በመዝገባችሁ አለ። የልጄን ደብዳቤ ግን ዛሬም ጎረቤት ነው የሚያነብልኝ» አሉን። አፈርን። የቆጠርነው የመጣውን እንጂ ያነበበውን አልነበረም። ብንጠይቅ፣ የትምህርቱ ሰዓት ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት ኖሯል። ሴቶቹ በመካከሉ ይነሡ ነበር። ሰዓቱን ለወጥን።

ታዲያ ግምገማ እንዴት ይደረጋል? የችግኝ ተከላን እንውሰድ።

1. ሥራው ሳይጀመር የምንፈልገውን እንጻፍ። የምንፈልገው የተቆፈረ ጉድጓድ አይደለም፤ የጸደቀ ዛፍ ነው።
2. መቼና ማን እንደሚቆጥር እንወስን። በክረምት የተተከለው በጋው ሲያልፍ ይቆጠር። ሥራውን የመራው ሰው ብቻውን አይቁጠር።
3. ቦታው ድረስ ሄደን እንይ፤ እንጠይቅ። ሴቶችም፣ ሽማግሌዎችም፣ ከስብሰባ የቀሩትም ይጠየቁ።
4. ከዕቅዱ ጋር እናስተያይ። 100 ተክለን 40 ቢጸድቅ፣ 60ው ለምን ደረቀ? ከብት በላው? ውሃ አጣ? ወይስ ዘግይቶ ተተከለ?
5. ያገኘነውን በስብሰባ ፊት እናንብብ። ይህም ለሚመጣው ክረምት ለማረም እንጂ ሰው ለማሳፈር አይደለም።

ማንበብ የቻለ ሰው መዝገቡን ራሱ ይገልጣል። «ተተክሏል» የሚል ካገኘ «ጸድቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የፊደል ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው።

መልመጃ
ሀ. እናትየው ያነሡት ጉድለት ምን ነበር? እንዴትስ ታረመ?
ለ. ችግኝ በተተከለ በማግስቱ ቢቆጠር ምን ስሕተት ይመጣል?
ሐ. በአካባቢያችሁ ከተሠራው ሥራ አንዱን መርጣችሁ በምን እንደምትለኩት በሦስት መስመር ጻፉ።