አደራ የተሰጠ ልጅ



በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ቁጥር 19 ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናልፈው ነገር አለ። ሐና በስለት ያገኘችውን ሕፃን በካህኑ በዔሊ ዘንድ ከተወች በኋላ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። መደረቢያ ለመስፋት የልጁን ቁመት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህች እናት ልጅዋን ሰጠች እንጂ አልረሳችውም።

ነገሩ ለእኛ ለጉራጌ አገር ወጣቶች ቅርብ ነው። መስከረም 17 ቀን መስቀልን ለማክበር ከመርካቶም ከሌላውም ዘመድ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። (ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለአረፋ እንደሚገቡት ማለት ነው።) ክትፎው ተበልቶ፥ ሽማግሌ መርቆ በዓሉ ሲያልፍ፥ ከወልቂጤና ከቡታጅራ በሚነሡት መኪናዎች አጎቱን ወይም አክስቱን ተከትሎ የሚሄድ ልጅ አይጠፋም። «ላስተምረው» ይባላል። በእውነት የሚማርም አለ፤ በዚህ መንገድ ሄደው ለወገን የተረፉ ብዙዎች ናቸውና ልማዱን በጅምላ መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ሱቅ ሲጠብቅ የሚያድር፥ ሊስትሮ ሲሠራ የሚውል ልጅ አለ፤ የቤቱ ሥራ ሁሉ የተጫነባትም ልጅ አለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅን ትምህርቱን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ይከለክላል። የዘመድ ቤት ግን እንደ ቅጥር አይታይምና ተቆጣጣሪ አይደርስበትም። እዚያ መድረስ ያለበት የወላጅ ዓይን ነው።

ስለዚህ ወላጅ ገንዘብ ተላከልኝ ብሎ ዝም አይበል። ልጁ የትኛው ትምህርት ቤት፥ ስንተኛ ክፍል እንደገባ ይጠይቅ፤ በስልክም ቢሆን አሳዳሪው በሌለበት ያነጋግረው።

የተቀባዩ ኃላፊነት በዔሊ ይታያል። የገዛ ልጆቹን አለመገሠጹ ነውር ሆኖበታል። ብላቴናው ሳሙኤል ግን በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቢመጣበት አልተቆጣውም፤ የሚጠራው ማን እንደሆነ አስተውሎ የሚመልሰውን አስተማረው። ሲነጋም የሰማውን እንዳይሸሽግ አጥብቆ ጠየቀው። ልጁም በአሳዳጊው ቤት ላይ የተነገረውን ፍርድ አንድ ሳያስቀር ነገረው። መታዘዝ ዝምታ የሚመስለን ካለን ምዕራፍ 3ን እንደገና እናንብብ።

ከመካከላችን ታናሽ ወንድም ወይም እኅት አዲስ አበባ በዘመድ ቤት ያለን ብዙ ነን። ልጆቹ ለአባትና ለእናት ያልነገሩትን ለእኛ ይነግራሉ። ለመስቀል ሲመጡ ያለፈውን ዓመት የትምህርት ካርዳቸውን ይዘው እንዲመጡ ከወዲሁ እንላክባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።