እግዚአብሔር የራቀ በመሰለን ጊዜ ምን ልናደርግ ይገባናል?

እግዚአብሔር በሁሉ የመላ ስለ ሆነ ከእርሱ የራቀ ስፍራ የለም። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ነገር ግን ጸሎቱን አድርሶ ሲነሣ ግድግዳ ያነጋገረ የሚመስለው፥ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ ልቡ እንደ ደረቅ እንጨት የሆነበት ክርስቲያን ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ሃይማኖቱን የካደ ስለሚመስለው፥ ነገሩን ለንስሓ አባቱ እንኳ ለመግለጥ ያፍራል። ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ የወደድነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ዐይነት ርቀት መኖሩን ልብ እናድርግ። አንደኛው፥ አዳም በገነት ዛፎች መካከል እንደ ተሸሸገ፥ ሰው በኃጢአቱ ምክንያት ከእግዚአብሔር ፊት የሚሸሽበት ነው። የዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ንስሓ መግባት፥ የበደሉትን መካስ፥ የቀሙትን መመለስ ነው። ሁለተኛው ግን ሰው ሳይሸሽ፥ በደጅ ቆሞ እየተጣራ መልስ ሲያጣ የሚሰማው ነው። ጻድቁ ኢዮብ በአራቱ ማዕዘን ፈልጎ እንዳላገኘው የተናገረው (ኢዮ. 23) ከዚህ ወገን ነው። ነቢዩ ዳንኤልም ሦስት ሳምንት በኀዘንና በጾም ከቆየ በኋላ መልአኩ መጥቶ፥ ልመናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሰምቶ እንደ ነበረ ነገረው (ዳን. 10)። በእነዚያ 21 ቀኖች ዳንኤል ዘንድ የደረሰ ነገር አልነበረም፤ ጸሎቱ ግን ደርሶ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው፥ ጌታችን ራሱ የ21ኛውን መዝሙር መጀመሪያ በመስቀል ላይ ሆኖ መጮኹ ነው። መለኮቱ ከትስብእቱ ለዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ሳይለይ፥ የተተወውን የአዳምን ልጅ ቃል ስለ እኛ ተናገረ። እንግዲህ ራቅኸኝ ብሎ ወደ እግዚአብሔር የሚያለቅስ ሰው ከሃዲ አይባልም። ከሃዲማ የሚያለቅስበት ደጅ ከየት ያገኛል?

ታዲያ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሰው ምን እያደረገ ይቆይ? ይህን ስንጠይቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ ትዝ ይለናል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ገዳም ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋራ ተያይዟል። አባታችን አቡነ ኢየሱስ ሞአ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን ከተማሩ በኋላ፥ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ መጥተው 45 ዓመት ያህል ተቀመጡ። ዕረፍታቸውም በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይታሰባል። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ማስተማራቸውንና ማመንኰሳቸውን ነው፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ የምንመለከተው የዓመቱን ቍጥር ነው። 45 ዓመት ከ16 ሺህ ቀን ይበልጣል። በዚያ ሁሉ ሌሊት ልባቸው እንደ እሳት ይነድ ነበር ብሎ የሚመሰክር ማን ነው? የሚታወቀው፥ ሳይነቃነቁ መቀመጣቸውና ደቀ መዛሙርትን ማፍራታቸው ነው። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አርባዕቱ ወንጌልም ለዘመናችን ደርሷል። በ1524 ዓ.ም. ገደማ በግራኝ ዘመን የገዳሙ ሀብት ሲዘረፍ ይህ መጽሐፍ ተርፏል። ብራናውን ዳምጦ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ አርባዕቱን ወንጌል እስከ ፍጻሜው የሚጽፍ ሰው ልቡ የሚሞቅበት ቀን አለ፤ የሚደርቅበትም ቀን አለ። ፊደሉ ግን የትኛው በየትኛው ቀን እንደ ተጻፈ አይናገርም።

ስለዚህ ነገር ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ግልጥ ምክር አለው። በነፍስ ላይ የጨለማ ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት መነኵሴው በግንባሩ ተደፍቶ ይጸልይ ዘንድ ይመክረዋል። ይህ ባይሆንለት ግን ሰዓቱ እስኪያልፍ ራሱን በልብሱ ተከናንቦ ይተኛ፥ ብቻ ከበዓቱ አይውጣ ይላል። ይህን ያህል መራራት ከጥብቅ ባሕታዊ የማይጠበቅ ይመስላል። ነገር ግን አባቶች የሚፈሩት ድካሙን ሳይሆን መውጣቱን ነው።

በዓለም የሚኖር ምእመን በዓት የለውም፤ የጸሎት ሰዓት ግን አለው። ልቡ በደረቀበት ወራት ጸሎቱን በማስረዘም ስሜቱን ለማስገደድ አይድከም፤ ፈጽሞም አይተወው። አቡነ ዘበሰማያት ብቻ እንኳ ቢሆን በሰዓቱ ያድርስ፤ ጾሙን ይጠብቅ፤ ለድኻ የሚሰጠውን አያጕድል። ቶሎ መልስ አገኛለሁ ብሎ ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ይህን ሰዓት መታገሥ ያቃተው ሰው ነው።

አሁን ወደ ካህናት ወንድሞቻችን እንመለስ። የወሎ ሕዝብ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ልጆቹን ቀብሯል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ደርሶባቸዋል። ልጇን የቀበረች እናት እግዚአብሔር የት ነበረ ብላ ስትጠይቅ፥ ይህ የኃጢአትሽ ዋጋ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አጽናኞች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ተሳሳቱ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የገሠጻቸው ስለ እርሱ ቅን ነገር ባለመናገራቸው ነው (ኢዮ. 42)። እንዲህ ያለችውን እናት የንስሓ አባቷ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቀመጥ፤ መጸለይ ካቃታት እርሱ በአጠገቧ ሆኖ ስለ እርሷ ዳዊቱን ይድገም። እርሷ አሜን ብትል ይበቃል። አሜን ማለትም ካቃታት እርሱ ይበልላት።

ካህኑ ራሱ በዚህ ድርቀት ውስጥ ቢሆንስ? ይህ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ነው። በመቅደስ ቆሞ እጁ ሲባርክ ልቡ ግን የማይመልስለት ካህን፥ ምሥጢሩ በእርሱ ሙቀት እንደማይፈጸም ይወቅ። የሚለውጠው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ሕዝቡም የሚቀበለው ሥጋ ወደሙ ምንም አይጐድልበትም። እርሱም ከቅዳሴ በኋላ እንደ ማንኛውም ምእመን ወደ ንስሓ አባቱ ይሂድ፤ ነገሩንም ሳያሳንስ ይንገረው።